ከስድስት ኪሎ እስከ ጊዮርጊስ፦ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ



ከውጭ ለእረፍት የምትመጡት ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ትጠይቁኛላችሁ። «ቲቸር፣ ያለን አንድ ቀን ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ልጆቹን የት እንውሰዳቸው?» መልሴ አጭር ነው። ከስድስት ኪሎ ጀምሩ፣ በአምስት ኪሎ አድርጋችሁ ወደ አራት ኪሎ ውረዱ፣ ከዚያ ፒያሳ ጊዮርጊስ ላይ ጨርሱ።

ለምን መሰላችሁ? እዚህ ሰፈር በታሪክ ስንጨቃጨቅ ሁላችንም የሚመቸንን ግማሽ ይዘን ነው። እነዚህ ግቢዎች ግን ክብሩንም ግፉንም አንድ ላይ ይዘዋል።

ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ ውስጥ ያለው ሙዚየም የድሮው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ብዙ ሰው የንጉሡን መኝታ ቤት ለማየት ይሮጣል። እዩት፣ ደስ ይላል። ግን ከመግባታችሁ በፊት ደጁ ላይ ቁሙ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ለድሆች ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ሕዝብ የሰበሰበው እዚህ ነው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት፤ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ ፋሺስቶች ያገኙትን ሁሉ ጨፈጨፉ። የኢትዮጵያ መንግሥት በኋላ ያቀረበው የሟቾች ቁጥር 30,000 ነው።

ጣሊያኖቹ ያሠሩት፣ የትም የማያደርስ ደረጃም እዚያው ሙዚየሙ ፊት ለፊት አለ። እያንዳንዱ እርከን የሙሶሊኒን የሥልጣን ዓመት እንዲቆጥር የተሠራ ነው። ጫፉ ላይ የተቀመጠው ግን የእኛ አንበሳ ነው!

በቃ እንዳትሉ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥቱ ሞካሪዎች ያገቷቸውን ባለሥልጣናት የረሸኑት እዚሁ ቤት ውስጥ ነው። አንዱ ራስ አበበ አረጋይ ነበሩ፤ ጣሊያንን በዱር በገደል የተፋለሙት አርበኛ። ጠላት ያልገደላቸውን ወገን ገደላቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥቱን ለዩኒቨርሲቲ የሰጡት ከዚያ ወዲያ ነው።

አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽ አለች፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመት። ለልጆቹ ቀኑን ንገሯቸው፤ ሐዳር ላይ የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ደርግ ስድሳዎቹን ባለሥልጣናት የረሸነው ደግሞ ኅዳር 14 ሌሊት። አገር ጥንታዊቷን እናቷን ያገኘችበት ጠዋት የአባቶች ለቅሶ የነበረበት ጠዋት ነው።

እነዚያ የተረሸኑት የት እንዳረፉ ለማየት ቁልቁል ወደ አራት ኪሎ፣ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሂዱ። አጽማቸው ከደርግ ውድቀት በኋላ የተቀበረው እዚያ ግቢ ነው። ንጉሠ ነገሥቱም ከእቴጌ መነን ጋር ውስጥ ያረፉት ከሞቱ ከ25 ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 1993 ዓ.ም. ነው። ደጅ ላይ የሲልቪያ ፓንክኸርስትን መቃብር እንዳታልፉ፤ ፋሺስት ሲወረን በአገሯ በእንግሊዝ ጋዜጣ አቋቁማ ስለ እኛ የጮኸች ሴት ናት።

የመጨረሻው አራዳ ጊዮርጊስ ነው። ታቦቱ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ዘምቷል። ስምንት ማዕዘኑን ሕንፃ በ1929ኙ ጭፍጨፋ ወቅት ፋሺስቶች አቃጠሉት፤ ጠዋት ስድስት ኪሎ ደጃፍ የጀመራችሁት ታሪክ እዚህ ይገናኛል። ውስጥ የምታዩት የአፈወርቅ ተክሌ ሥራ ከቃጠሎው በኋላ የመጣ ነው። ንግሥት ዘውዲቱና አፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑት እዚህ ነው፤ ግቢው ውስጥ ያለችውን ሙዚየምም እዩ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የዓድዋ ድል መታሰቢያም እዚያው ፒያሳ ላይ ተከፍቷል።

ለቤተ ክርስቲያኖቹ ነጠላ ያዙ፣ ጫማ ለማውለቅ ተዘጋጁ፣ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ ቅዳሴ ካለ ጠብቁ።

አደራዬ አንድ ነው። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ሲፈርስ ብዙ የሰፈር ትዝታ አብሮ ሄዷል፤ ለልጅ «ይኸውልህ» ብለን የምናሳየው ነገር እያነሰ ነው። የቀረው እያለ አሳዩአቸው። ስታሳዩ ደግሞ ንጉሡን የምትወዱ ስለ ንጉሡ ብቻ፣ የማትወዱም ስለ ግፉ ብቻ አትንገሯቸው። ሙሉውን ንገሯቸው፤ ልጆች ይችሉታል።

የዘለልኩት ካለ፣ በዓታንም እንጦጦንም ጨምሮ፣ ከታች ጻፉልኝ። ሰላም ሁኑ።