የንድፍ ወረቀት ዕድሜ፤ ከይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ እስከ ቢሮአችን መሳቢያ

ከላሊበላ ከተማ በመኪና መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጎን፣ በጥድ ዛፎች መካከል የሚገኘው የይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ በውስጡ የያዘው አንድ ሕንፃ ብቻ አይደለም። ጎብኚው ሁሉ ዓይኑን የሚተክለው በቤተ ክርስቲያኑ ላይ ስለሆነ፣ በዚያው ዋሻ በአጠገቡ የቆመውን ሌላ ቤት ልብ ብሎ የሚያየው ጥቂት ነው። ይህ ቤት የንጉሡ መኖሪያ እንደ ነበረ ይነገራል። ለእኛ ለሥነ ሕንፃ ባለሙያዎች ግን ከመቅደሱ ያላነሰ ነገር ነው፤ ከዚያ ዘመን ቤተ ክርስቲያን እንጂ መኖሪያ ቤት ቆሞ ማግኘት እጅግ ብርቅ ነውና።

በወጣትነቴ ወደዚያ በሄድሁ ጊዜ ሜትርና የንድፍ ወረቀት ይዤ ነበር። የቤቱን ግድግዳ ስለካ ሲመለከቱኝ የቆዩ አንድ አረጋዊ መነኩሴ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ለክተህ ምን ልታደርገው ነው?» አሉኝ። «አባቴ፣ በወረቀት ላይ ላስቀምጠው ነው» አልኋቸው። ጥቂት አሰብ አድርገው፣ «ወረቀቱንስ የት ታስቀምጠዋለህ?» ብለው ጠየቁኝ። የዚያን ዕለት ፈገግ ብዬ አለፍሁት።

የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ11ኛው ወይም በ12ኛው ምእተ ዓመት እንደ ተሠራ ይገመታል። ግድግዳው በጥቁር እንጨትና በነጭ በተለሰነ ድንጋይ እየተፈራረቀ፣ አንድ ጊዜ ወጣ፣ አንድ ጊዜ ገባ እያለ የተደረደረ ነው። ይህ አሠራር ከአክሱም የተወረሰ ሲሆን በደብረ ዳሞ ገዳም አብያተ ክርስቲያናትም ይታያል፤ በላሊበላ ደግሞ የቤተ አማኑኤል ጠራቢዎች ያንኑ የእንጨትና የድንጋይ መልክ ከአንድ ወጥ አለት ፈልፍለው አስመስለውታል። እንዲህ ያለ ግድግዳ በቃል ሲነገር ለመረዳት ያስቸግራል። አንድ ቁርጥ ንድፍ ቢኖር ግን እንጨቱ ድንጋዩን እንዴት እንደሚያስር አናጢም ግንበኛም ወዲያው ይገባዋል።

ከዚህ ላይ ወደ አክሱም ወረድ ማለት ግድ ይሆናል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1906 በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን ጉዞ ወደ አክሱም ሲመጣ ዳንኤል ክሬንከርና ቴዎዶር ፎን ሉፕከ የተባሉ የሥነ ሕንፃ ሰዎችን ይዞ ነበር። እነርሱም የታዕካ ማርያምን፣ የእንዳ ስምዖንንና የእንዳ ሚካኤልን አብያተ መንግሥት ፍርስራሾች ለክተው፣ ንድፋቸውን በ1913 በበርሊን በታተመው ባለ አራት ክፍል መጽሐፍ አወጡ። ከዚያ በኋላ በጣልያን ወረራ ዘመን መንገድ ሲሠራ የታዕካ ማርያም ቅሪት ፈረሰ። ዛሬ ስለዚያ ታላቅ መኖሪያ የምናስተምረው ተማሪ ቢጠይቀን የምናሳየው መሠረት የለንም፤ የምናሳየው ክሬንከርና ባልደረባው የሣሉትን ፕላን ነው። ቤቱ በወረቀት ላይ ብቻ ቀርቷል ማለት ነው፤ ያም ወረቀት ከአገራችን ውጭ ታትሞ በመቀመጡ ተረፈ።

ንድፍ የፈረሰውን ከማስታወስ አልፎ የሚፈርሰውንም ያድናል። የደብረ ዳሞ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ለመውደቅ በተቃረበ ጊዜ በ1948 ጥገናውን የመራው እንግሊዛዊው አርክቴክት ዴሪክ ማቲውስ ነበር። ሥራውን በማግሥቱ ዓመት በጽሑፍ አሳውቆ፣ በ1959 ደግሞ ከአንቶኒዮ ሞርዲኒ ጋር ስለ ገዳሙ ሰፊ ጥናት አወጣ። ሕንፃው ዛሬ ቆሟል፤ የጥገናው ታሪክም ከነንድፉ አለ። ነገ ሌላ ባለሙያ ቢጠራ የትኛው እንጨት ጥንታዊ፣ የትኛው አዲስ መሆኑን ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።

ወደ ላስታ እንመለስ። በ1520ዎቹ አገራችንን የጎበኘው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የይምርሐነ ክርስቶስን ዋሻም የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናትም ገልጾ ጽፏል። ስለ ላሊበላ ሲጽፍ አንባቢ አያምነኝም ብሎ እንደ ሠጋ የታወቀ ነው። እኔ ሥጋቱን የምመለከተው በሙያ ዓይን ነው፤ ቃል ብቻውን ሕንፃን አያስረዳምና። ፈረንሳዊው አሺል ራፍሬ በ1882 በፓሪስ ያሳተመው ሥራ ሥዕሎችን ስለያዘ ያንን ጥርጣሬ ለማስወገድ ብዙ ረድቷል። ከዚያ ወዲህ ጣልያናዊው ሠዓሊ ሊኖ ቢያንኪ ባሪቪዬራ በ1930ዎቹ መጨረሻ ላስታን ዞሮ ያዘጋጀው ሥራ አለ። ባሪቪዬራ በመዳብ ላይ ቀርጾ የሚያትም ሰው ነበር እንጂ አርክቴክት አልነበረም፤ ሆኖም በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሮም ያወጣቸውን ንድፎች ሳያይ ስለ ላስታ አብያተ ክርስቲያናት የሚጽፍ ሰው ሥራው ጎደሎ ይሆናል።

ለሙያችን ከሁሉ የሚቀርበን ግን የቤርጋሞው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ ነው። በ1965 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የሐውልቶች መርጃ ድርጅት በላሊበላ ላይ ሥራ ሲጀምር ጥገናውን የመራው እርሱ ነበር። ቀደም ባሉት ጥገናዎች በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ የተቀባው ሬንጅና ቀለም እንዲነሣ አደረገ። በ1968 ደግሞ ከሉዊ ሙዤን ጋር ለዩኔስኮ ባቀረበው ጥናት የአገራችን ቅርሶች ለባህል ቱሪዝም እንዴት ሊዘጋጁ እንደሚችሉ ሐሳብ ሰጠ። አንዱን ባለሙያ በአንድ ወገን የድንጋይ ስንጥቅ፣ በሌላ ወገን የእንግዳ ማረፊያ ሲያሳስበው የምናየው በዚህ ነው። ሁለቱ ጉዳዮች በላሊበላ እስከ ዛሬ አልተለያዩም። አብያተ ክርስቲያናቱ በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ገቡ፤ በ2008 ደግሞ አምስቱን የሚሸፍኑ አራት ትላልቅ መጠለያዎች ተተከሉ። ስለ መጠለያዎቹ ያለኝን አስተያየት እዚህ አላነሣም፤ ብዙ ያነጋገረ ስለሆነ ለብቻው ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

እንግዲህ እስካሁን የቆጠርኋቸው ሁሉ የውጭ አገር ሰዎች ናቸው፤ ሥራቸውም የታተመው በበርሊን፣ በፓሪስ፣ በሮምና በመሳሰሉት ከተሞች ነው። ይህን የምለው ለቅያሜ አይደለም። የሠራውም ያስቀመጠውም ሊመሰገን ይገባል። የሚያሳስበኝ የእኛ ድርሻ ነው። በላሊበላ እንደ ሰባት ወይራ ካሉት ቀደምት ሆቴሎች ጀምሮ እስከ ቅርብ ጊዜዎቹ ሎጆች ድረስ በገደሉ ጫፍ ላይ ብዙ ማረፊያ ተሠርቷል። አንዳንዱ የላስታን ክብ የድንጋይ ቤት ለመምሰል ይሞክራል፤ መምሰሉ ሁልጊዜ አልተሳካም። ምክንያቱም ዋናው ቤት በጥንቃቄ ተለክቶ ከነዲዛይነሩ መሳቢያ አልገባም። ከቀይ ድንጋይ የተሠራው፣ ደረጃው በውጭ በኩል የሚወጣው ባለ ፎቅ ክብ ቤት የአየሩን ብርድ እንዴት እንደሚከላከልና ክዳኑ በግድግዳው ላይ እንዴት እንደሚያርፍ በውል የተነሣ ንድፍ ቢኖር ኖሮ፣ አዲሱ ሠሪ መልኩን ብቻ ሳይሆን ጥበቡን ይወስድ ነበር። ከ2010 አካባቢ ወዲህ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ይኖሩ የነበሩ ቤተሰቦች ወደ ሌላ ሠፈር ሲዛወሩ ቤቶቻቸው አብዛኞቹ ፈርሰዋል። የቆመው ሲፈርስ መለኪያ ይዞ የሚቀድም ሰው ያስፈልግ ነበር።

በከተማም ያለው ሁኔታ ከዚህ የተሻለ አይደለም። ሙያውን የጀመርሁበት አንድ ቢሮ ሲዘጋ ለ20 ዓመታት የተሠሩ የመኖሪያ ቤቶችና የሆቴሎች ንድፎች በጥቅል በጥቅል ሆነው በኮሪደሩ ተቆልለው ነበር። አሞንያ የሚሸተውን ብሉ ፕሪንት ሊወስድ የፈለገ ሁሉ ወሰደ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በሠፈሬ ካለ ሱቅ በርበሬ ስገዛ፣ መጠቅለያው በገዛ እጄ የሣልሁት የአንድ ቪላ ደረጃ ሆኖ አገኘሁት። ባለሱቁን ብጠይቀው «ጋሼ፣ ጠንካራ ወረቀት ነው፤ ዘይት አያሳልፍም» አለኝ። ሳቅሁ፤ በኋላ ግን አላሳቀኝም።

ከዚህ ጋር አርቱሮ ሜዜዲሚን ማስታወስ ይገባል። በእርሱ ንድፍ የተሠራውና በ1961 የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ከሰፊ እድሳት በኋላ በ2024 እንደገና ተከፍቷል። በእንዲህ ያለ እድሳት እያንዳንዱ መስኮት፣ እያንዳንዱ ወንበር ሲነካ «የመጀመሪያው ንድፍ ምን ይል ነበር?» የሚለው ጥያቄ ይነሣል። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በአገራችን ልጆች ስለ ተሠሩ ቪላዎችና ማረፊያዎች ያው ጥያቄ ሲነሣ ከየት እንደምንመልስ ላስብ ስሞክር ያቺ የበርበሬ መጠቅለያ ትታየኛለች። ኮምፒዩተር መጥቷልና ችግሩ ተፈቷል የሚሉ ወጣት ባልደረቦች አሉ። ከ20 ዓመት በፊት በዲስክ ያስቀመጡትን ፋይል ዛሬ ሊከፍቱ ቢሞክሩ ግን አዲሱ ፕሮግራም እሺ የማይላቸው ብዙዎች ናቸው። የክሬንከር ወረቀት ከመቶ ዓመት በኋላም በዓይን ይነበባል።

ማኅበራችን ለዚህ አንድ ክፍልና አንድ ሠራተኛ ቢመድብ፣ አባላት በየቤታቸው ያለውን ጥቅል በውሰት እንኳ አምጥተው እንዲገለበጥ ቢያደርጉ ትልቅ ወጪ የሚጠይቅ ነገር አይመስለኝም። እኔም ከማንም ቀድሜ መናዘዝ ይገባኛል። በይምርሐነ ክርስቶስ የለካሁት የመኖሪያ ቤቱ ፕላን በእርሳስ እንደ ተሠራ፣ አንደኛው ግድግዳ ሳይሞላ፣ በካርቶን ቱቦ ውስጥ ሆኖ ከቁም ሣጥኔ በላይ ተጋድሟል። መነኩሴው ለጠየቁኝ ጥያቄ እስካሁን ያለኝ መልስ ይኸው ነው።