ለሀሪኬን የቤት ዝግጅት

ለሀሪኬን የቤት ዝግጅት በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳርቻ፣ ለምሳሌ በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት፣ የሚኖሩ ቤተሰቦች ከአውሎ ነፋሱ በፊት የሚያደርጉት ጥንቃቄ ነው። የአትላንቲክ የሀሪኬን ወቅት እ.ኤ.አ. ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ይቆያል።

ማዕበሉ ሀሪኬን የሚባለው የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት 119 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ነው። ከ1 እስከ 5 ያለው ደረጃ የሚለካው ነፋሱን ብቻ ስለሆነ፣ ዝቅተኛ ደረጃ ያለው ሀሪኬንም ከባድ ጎርፍ ሊያስከትል ይችላል።

ቅድመ ዝግጅት

ቤተሰቡ አስቀድሞ ቤቱ በየትኛው የመልቀቂያ ቀጠና እንደሚገኝ ያጣራል። ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ያህል ውሃ፣ የማይበላሽ ምግብ፣ መድኃኒት፣ የእጅ ባትሪና ሬዲዮ ይዘጋጃል። መስኮቶች በኮምፔንሳቶ ይሸፈናሉ፤ ፕላስተር መለጠፍ ግን መስታወቱን ከመሰበር አያድነውም።

በማዕበሉ ጊዜና በኋላ

የማዕበሉ ዓይን ሲያልፍ ነፋሱ ለጊዜው ጸጥ ይላል፤ ከዚያ ከተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚመለስ መውጣት አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ሀሪኬን ካትሪና ኒው ኦርሊንስን በመታ ጊዜ የጎርፍ መከላከያ ግድቦች ተሰብረው፣ ከውሃው ሸሽተው ኮርኒስ ላይ የወጡ አንዳንድ ሰዎች መውጫ አጥተው ሞተዋል። ጀነሬተር የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ በመሆኑ፣ ከቤቱ ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ ውጭ መቀመጥ አለበት።