ኢድ ማር (የሮማ ሳንቲም)

ኢድ ማር ማርኩስ ብሩቱስ በ43–42 ዓክልበ. ከሠራዊቱ ጋር ሳለ ያስመታው የሮማ ሳንቲም ነው። ስሙ በጀርባው ካለው ጽሑፍ የተወሰደ ሲሆን ትርጉሙ «የማርች ወር እኩሌታ» ነው፤ ይኸውም ዩሊዩስ ቄሣር የተገደለበት ቀን (ማርች 15፣ 44 ዓክልበ.) ነው።

ምልክቶቹ

በፊቱ የብሩቱስ ራስ፣ በጀርባው ደግሞ በሁለት ጩቤዎች መካከል ፒሌዩስ የተባለ ቆብ ይታያል። ይህን ቆብ በሮማ ነፃ የወጣ ባሪያ ያደርገው ስለነበር፣ መልእክቱ «ሮማ በጩቤ ነፃ ወጣች» የሚል ነው። ይሁን እንጂ በሕይወት ያለ ሰው መልኩን በሳንቲም ላይ ማስቀረጹ ቄሣርን ያስነቀፈ ድርጊት ነበር፤ ብሩቱስም ያንኑ ደገመው። ታሪክ ጸሐፊው ካሲዩስ ዲዮ ሳንቲሙን ከነምልክቶቹ ጠቅሶታል።

በሰብሳቢዎች ዘንድ

አብዛኞቹ የብር ዲናሮች ናቸው። ውስጣቸው መዳብ ሆኖ በብር የተለበጡ ሐሰተኛ ቅጂዎች በጥንትም ዘመን ተሠርተዋል። የወርቆቹ ቁጥር እጅግ ጥቂት ነው። ከእነርሱ አንዱ በ2020 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በጨረታ 2.7 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ አወጣ። በኋላ ግን የቀድሞ ባለቤቶቹን የሚገልጸው ታሪክ ሐሰት ሆኖ ስለተገኘ፣ በ2023 እ.ኤ.አ. ለግሪክ ተመለሰ። ስለዚህ በዚህ ሳንቲም ግዢ፣ ከየት እንደመጣ የሚያሳየው ሰነድ ከእውነተኛነቱ እኩል ይመረመራል።