ከመቅደስ ግድግዳ ወደ ገበያ የወጣው የኑሮ ሥዕል

ገበያን፣ የግብር ድግስን፣ የገና ጨዋታንና አደንን ዋና ጉዳዩ ያደረገው የኢትዮጵያ ባህላዊ ሥዕል ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ወዲህ የተስፋፋ ነው። ከዚያ በፊት ሠዓሊው በአብዛኛው ቄስ ወይም ደብተራ ነበር፤ ሥራውም የመቅደስ ግድግዳ፣ ብራና ወይም የእንጨት ገበታ ላይ ያርፍ ነበር። በጎንደር አድባራት፣ በጣና ደሴቶችና በፎገራ ዙሪያ የነበረው የሥዕል ትምህርት ከአባት ወደ ልጅ ወይም ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር የሚተላለፍ ነበር።

አሠራሩ ከገበያ ጋር ይያያዛል። በጭቃ የተለሰነው ግድግዳ ላይ የጥጥ ጨርቅ በሙጫ ይለጠፋል፤ ጨርቁ ነጭ ከተቀባ በኋላ መልኩ ተነድፎ ቀለም ይሞላል። ይህ ጨርቅ እንደ ቡናውና እንደ አሞሌ ጨው ሁሉ በነጋዴ እጅ የሚዘዋወር ነበር። ከፎገራ ሜዳ በስተሰሜን ያለችው ይፋግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአገሪቱ ታላላቅ ገበያዎች አንዷ ስትሆን፣ ከአጠገቧ የደሪጣ ሙስሊም ነጋዴዎች በሩቅ ንግድ የታወቁ ነበሩ።

የሰው ኑሮ ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል ፈጽሞ አልጠፋም፤ ግን በጓሮ በር ነው የገባው። ቅድስት ድንግል ወደ ግብፅ ስትሰደድ ሰሎሜ ስንቅ ተሸክማ ትከተላለች፤ ሰማዕታትን የሚያሠቃዩት ወታደሮች የሠዓሊውን ዘመን ጠመንጃ ይይዛሉ። በጣና አድባራት ደጋግሞ የሚታየው የበላኤ ሰብእ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሰው በላው ሰው ሲገድልና ሲበላ፣ ኋላ በእመቤታችን ስም ለለምጻሙ እፍኝ ውኃ ሲሰጥ፣ በመጨረሻም ነፍሱ በሚዛን ስትመዘን በተከታታይ ይታያል። ትዕይንትን እንዲህ በተርታ አስከትሎ መተረክ ኋላ ለዓለማዊው ሥዕል ዋና መሣሪያ ሆኗል።

ለውጡ የመጣው ከዓድዋ ድል፣ ከ1888 ዓ.ም. በኋላ ነው። አዲስ አበባ ላይ የውጭ ሌጋሲዮኖች ሲከፈቱ፣ መልእክተኛውና ተጓዡ የአገሩን ነገር በሸራ ይዞ መሄድ ፈለገ። በቤተ ክርስቲያን የሠለጠነው እጅ ትእዛዙን ተቀበለ። በዓድዋ ሥዕል ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ ሆኖ ይዋጋል፤ አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከሠራዊታቸው ጋር ይቆማሉ። የቆየው የአሣሣል ሥርዓት ሳይለወጥ ዘለቀ፦ ወገን በሁለት ዓይን፣ ጠላት ጎኑን ዞሮ በአንድ ዓይን። ከሰው ራስ በላይ ስም በፊደል መጻፍም አልቀረም፤ ሥዕሉን የሚገዛው የውጭ ሰው ማንበብ ባይችልም። በዚያ ዘመን በአዲስ አበባ ከታወቁት ሠዓሊዎች አንዱ በላቸው ይመር ነበር።

ቀስ በቀስ ጉዳዩ በዛ። የንግሥተ ሳባ ታሪክ በብዙ ትንንሽ ክፍል ተከፋፍሎ ተሣለ፤ ሌባ ሻይ፣ ችሎት፣ ሠርግና ፈረስ ጉግስም ተከተሉ። የገና ጨዋታ ለሠዓሊ አመቺ ነበር። ተጫዋቹ በቆልማማ ዱላ ሩሯን ይመታል፤ የተጫዋች ቁጥር ስለማይገደብ ሜዳው ሙሉ ሰው ይሆናል፤ የዕለቱ ልማድም ጌታና ሎሌ ሳይቀያየሙ አብረው እንዲሯሯጡ ይፈቅዳል። በጉግስ ደግሞ ጋላቢው ባላጋራውን በዘንግ ሲያሳድድ፣ ፊተኛው ጋሻውን ወደ ጀርባው አድርጎ ይመክታል። እውነቱን ለመናገር፣ እነዚህ ሥዕሎች የዓመት በዓሉን እንጂ የአዘቦቱን ቀን ብዙ አያሳዩም። የፎገራ ገበሬ ጉልበቱን የሚጨርስበት አረም ነቀላ ለገዢ ዓይን የሚማርክ አልሆነም።

ተመሳሳይ ታሪክ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ በሆኑት በናቫሆዎች ዘንድም ታይቷል። የእነርሱ የአሸዋ ሥዕል ለፈውስ ሥርዓት የሚሠራና ሥርዓቱ ሲያበቃ የሚጠፋ ነው። በ1925 ዓ.ም. መጀመሪያ አስተማሪዋ ዶሮቲ ደን በሳንታ ፌ የአሜሪካ ሕንዳውያን ትምህርት ቤት የሥዕል ክፍል ስትከፍት ግን፣ እንደ ሃሪሰን ቢጌይ ያሉ ወጣቶች ፈረሰኞችንና የማኅበረሰባቸውን ኑሮ በወረቀት መሣል ያዙ። በዚያው ሰሞን በኢትዮጵያ ደግሞ የፈረንሳዊው ተመራማሪ የማርሴል ግሪዮል ተልዕኮ ጎንደር ነበር። የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ ሥዕሎች ከግድግዳ አንሥቶ ወደ ፓሪስ ሲወስድ፣ በምትኩ የተልዕኮው ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሣላቸውን አኖረ። በልውውጡ ማን እንዳተረፈ ለመገመት ብዙ ማሰብ አያሻም።

በ1950 ዓ.ም. አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሌላ መንገድ ከፈተ፤ የቤተ ክርስቲያኑ እጅ ግን አልተቋረጠም። የጎጃሙ ቄስ አዳሙ ተስፋው ቅዱሳንንም የአገር ኑሮንም በሸራ እየሣሉ ኖረው፣ ሥራቸው በ1997 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ ፋውለር ሙዚየም ራሱን ችሎ ታይቷል። በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየምም ባህላዊ ሥዕሎችን ሰብስቦ ይዟል፤ በከተማዋ ሱቆች ደግሞ የገናው፣ የአደኑና የዓድዋው ሥዕል በሸራና በፍየል ቆዳ ላይ አሁንም ይሸጣል።