ሞቶ ያልሞተ ጦረኛ፤ ግራኝ በአፈ ታሪክና በታሪክ

ባለፈው ክረምት እንጅባራ ላይ ከጓደኞቻችን ጋር ጠረጴዛ ከበን፥ በቃልና በዳይስ የሚካሄደውን የጀብዱ ጨዋታ ስንጫወት፥ አንድ ኃይለኛ ባላንጣ እንድናበጅ ተወሰነ፤ ይኸውም ሞቶ ያልሞተ ጦረኛ እንዲሆን። የዚህ ጨዋታ ሥርዐት በአሜሪካ በ1974 እ.ኤ.አ. «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» በሚል ስም የታተመ ሲሆን፥ ለእንዲህ ያለው ባላንጣ አርአያ የሆነው በ1981 እ.ኤ.አ. «ፊንድ ፎሊዮ» በተባለው መጽሐፍ የወጣው የሞት ፈረሰኛ ነው። እርሱም አስቀድሞ ደግ ፈረሰኛ የነበረ፥ በኋላ ግን ወድቆ በአጋንንት አለቃ ኃይል ከሞት ወዲያ የሚዋጋ ነው። ከአገራችን ታሪክ ማንን እንምሰል ብንባባል ሁላችንም ባንድ አፍ «ግራኝን» አልን። ዝም ያለው ከሐረር የመጣው ጓደኛችን ብቻ ነበር።

እኛ ያደግነው ዳንግላ ነው። በልጅነታችን የፈረሰ ካብ ወይም ብቻውን የቆመ ትልቅ ድንጋይ አይተን «ይህ የማን ሥራ ነው?» ብለን ስንጠይቅ፥ ሽማግሌዎች «የግራኝ» ይሉን ነበር። ድንጋይን እንደ ጦር የሚሰብቅ፥ ተራራን በሰይፍ የሚሰነጥቅ ሰው አድርገን አሰብነው። እንግዲህ ባላንጣውን የሠራነው እኛ አይደለንም፤ ተሠርቶ ጠበቀን።

የታሪኩ ሰው ግን ሥጋ ለባሽ ነበር። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም በ1521 ዓ.ም. ሽምብራ ኩሬ ላይ ዐፄ ልብነ ድንግልን ድል ነሣ፤ ከዚያም ዐሥራ አራት ዓመት ያህል አገሩን አስጨነቀ። በየካቲት 1535 ዓ.ም. ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ወይና ደጋ ላይ፥ ከዐፄ ገላውዴዎስና ከፖርቱጋሎች ጦር ጋር ሲዋጋ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ፖርቱጋላዊው ቤርሙዴዝ እንደ ተረከው፥ ገዳዩ ጆሮውን ብቻ ቆርጦ ያዘ፤ ሌላው ራሱን ቆርጦ ለንጉሡ አቀረበና «የገደልሁት እኔ ነኝ» ቢል፥ «ጆሮው ወዴት አለ?» ተብሎ ተረታ። ከዚህ የበለጠ የሞተ ሰው ሊኖር አይችልም። (አንባቢ ልብ ይበል፤ ንጉሡን አንቱ እያልን ኢማሙን አንተ ማለታችንም ያው የወረስነው ልማድ ነው። ከዚህ በታች እናርመዋለን።)

ከሞት ወዲያ የተዋጋላቸው አስማት ሳይሆን ቤተ ሰባቸው ነው። ባለቤታቸው ድል ወንበራ ወደ ሐረር ተመልሰው የባላቸውን የእኅት ልጅ አሚር ኑርን አገቡ፤ ኑርም በ1551 ዓ.ም. ዐፄ ገላውዴዎስን በጦርነት ገደሉ፥ ራሳቸውም ወደ ሐረር ተወሰደ። የጨዋታ ደራሲ ይህን ቢያውቅ ኖሮ ለአጋንንት አለቃ ቦታ የሚተው አይመስለንም።

ይሁን እንጂ ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን የድንጋዩ ነገር ነው። በሶዶ ጢያ ላይ የቆሙት ሠላሳ ስድስት ትክል ድንጋዮች በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በብዙዎቹ ላይ ሰይፍ ተቀርጿል፤ የአካባቢው ሕዝብም «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል። ነገር ግን ከኢማሙ ዘመን በፊት የቆሙ ናቸው፤ ሥራቸው ሲቆፈርም የተገኘው መቃብር ነው። እዚያ ያረፉት፥ ሰይፍ የተቀረጸላቸው ሰዎች ስም ጠፍቶ ድንጋያቸው ለሌላ ሰው ተሰጠ። አፈ ታሪክ ባላንጣውን ሲያገዝፍ ከራሱ ኪስ አይከፍልም፤ የሌሎችን ሙታን ይበላል። የፈረሰ ሁሉ የግራኝ ነው ካልን ደግሞ፥ ኢማሙ በእውነት ያቃጠሏቸውን አብያተ ክርስቲያናት በዘመን ብዛት ከፈረሱት ለይተን ማወቅ ያቅተናል።

በአዊ ምድር ሟች ጦረኛ በሌላ መንገድም ይመለሳል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ሲሰበሰቡ ዐድዋ የዘመቱት አባቶችና ፈረሶቻቸው ይታሰባሉ። ለወዳጅ ሙት ቀን ተቈረጠለት፤ ለጠላት ሙት ግን ያገኘነውን ፍርስራሽ ሁሉ አሸከምነው።

የሐረሩ ጓደኛችን በመጨረሻ ሲናገር፥ «የእናንተ ጭራቅ የአያቴ ኢማም ናቸው» አለን። ከኛ አንዱ የተቃጠሉትን ገዳማት ጠቅሶ መለሰለት፤ እርሱም አልካደም። ሺሃብ አድዲን በዐረብኛ የጻፉት «ፉቱሕ አልሐበሻ» ራሱ የኢማሙን ዘመቻ እያወደሰ ቃጠሎውን ይተርካልና። ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ቆየ፤ ዳይሱም ሳይጣል አደረ። በማግሥቱ ከባላንጣው ወረቀት ላይ ስሙን ፋቅን፥ ግራ እጁንም ቀኝ አደረግነው። ሰይፍ የተቀረጸበትን ድንጋይ ግን ለማን እንደምንሰጠው ሳንስማማ ትምህርት ተከፈተ።