የጅማ መንግሥት በምን ጸና?

በጊቤ ምድር በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አምስት የኦሮሞ መንግሥታት ነበሩ፤ እነርሱም ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ ናቸው። በደቡባቸውም በዕድሜ የሚበልጣቸው የከፋ መንግሥት ነበረ። ስለ ጎንደርና ስለ ሸዋ ነገሥታት አጥርቶ የሚናገር ተማሪ እንኳ የእነዚህን ስም ለመቍጠር ይቸግረዋል። ነገር ግን አገር የማስተዳደር ጥበብ በእነርሱም ዘንድ እንደ ነበረ የጅማ ታሪክ ያስረዳል።

በመጀመሪያ ከአምስቱ የበረቱት የሊሙ እናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ ነበሩ። እርሳቸው በ1861 በኤውሮፓ አቈጣጠር (ከዚህ በታች ያለውም ዘመን ሁሉ እንደዚሁ ነው) ከሞቱ በኋላ ግን ብርታቱ ወደ ጅማ አለፈ። በ1878 የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር ግዛታቸውን በአባ ቆሮዎች ያስተዳድሩ፣ በየኬላውም ቀረጥ ያስከፍሉ ነበር። የሂርማታ ገበያ ከሩቅ አገር ነጋዴ ይጠራ ነበር። በዚያ ገበያ ከቡናና ከዝሆን ጥርስ ጋር ሰውም ይሸጥ እንደ ነበረ መሸሸግ አይገባም።

በ1882 ንጉሥ ምኒልክ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን በእምባቦ ድል ስላደረጉ፣ የጊቤ በር ለሸዋ ተከፈተ። አባ ጅፋርም የኃይሉን ሚዛን ተመልክተው በሰላም ገበሩ። በየዓመቱ ግብር እየከፈሉ ዙፋናቸውን ጠበቁ፤ ገበሬያቸውም የሰፋሪ ወታደር ቀለብ ከመቻል ዳነ። ጉማ ግን በጦር ተያዘ። ከፋም በ1897 ለራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ወራት ያህል ከተቋቋመ በኋላ ወደቀ፤ ንጉሡ ጋኪ ሼሮቾም ተማረኩ፤ አገሩም እጅግ ተጐዳ።

እንዲህ ያለው ምርጫ በሌላም አገር ደርሷል። በህንድ ከራጅፑት ነገሥታት የአምበሩ ራጃ በ1562 ለንጉሠ ነገሥቱ ለአክባር ገብረው ዘራቸው እስከ 1949 በዙፋን ሲቈይ፣ እምቢ ያለው የሜዋር ምሽግ ቺቶር በ1568 በጦር ተይዟል።

እንግዲህ የገበረው ብልህ፣ የተዋጋው ሞኝ ነው ልንል ይገባናልን? አይገባም። በከፋ ላይ በተደረገው ዘመቻ የጅማም ሠራዊት ተሰልፎ ነበርና፣ የጅማ ሰላም ከዋጋው ከፊሉ በጎረቤት ደም ተከፍሏል። የጅማ የውስጥ አስተዳደርም ቢሆን ከ1932 አላለፈም። ስለዚህ ታሪክ አስተማሪ የአባ ጅፋርን ማስተዋል ሲያመሰግን ከፋ የተቀበለውን መከራ በዚያው ገጽ ላይ ሊጽፍ ይገባዋል። ሁለቱን ለያይቶ የሚያስተምር ግማሹን ብቻ አስተምሯል።