ፍንጭትን በላስቲክ መዝጋት ጥርስ ሊያሳጣ ይችላል

በእኛ አገር ፍንጭት የውበት ምልክት ነው። ይዘጋልኝ የሚልም አለ፤ መብቱ ነው። ችግሩ ቲክቶክ ላይ አይቶ ሁለቱን የፊት ጥርሶች በላስቲክ ማሰር ነው።

ጥርስ አጥንት ላይ አልተለጠፈም። በሥሩና በአጥንቱ መሃል 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ስስ የጅማት ሽፋን አለ። ጥርሱ በቀስታ ሲገፋ በሚሄድበት በኩል ያለው አጥንት ይሟሟል፣ ከኋላው ደግሞ አዲስ ይሠራል። ጉዞው በወር 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቶሎ ይለቅ ብሎ ማጥበቅ ሥሩን ሊሸረሽረው ይችላል።

ሌላው፣ የምንገፋው የሚታየውን ክፍል ነው፤ የጥርሱ ሚዛን ያለው ግን ከድድ በታች፣ ሥሩ ላይ ነው። ስለዚህ ላዩ ብቻ ሲሳብ ጥርሱ ያዘነብላል እንጂ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ሐኪሞች ብራኬት ለጥፈው ባለ አራት ማዕዘን ሽቦ የሚያስገቡት ሥሩም አብሮ እንዲከተል ነው።

ላስቲኩስ? የፊት ጥርስ ሥር እንደ ካሮት እየቀጠነ ስለሚሄድ፣ ላስቲኩ ሾልኮ ድድ ውስጥ ይገባል። ከዚያ አይታይም። ውስጥ ውስጡን አጥንቱን ያስበላል፣ ጥርሱ ይነቃነቃል፣ ሁለቱም ሊወልቁ ይችላሉ።

ሐዋሳን ጨምሮ ለስምጥ ሸለቆ ሰው አንድ ነገር ይጨመርበታል፦ ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ጠጥቶ ባደገና ጥርሱ ቡናማ በሆነ ሰው ላይ ብራኬት ቶሎ ሊላቀቅ ይችላል። ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪሙን ጠይቁት። ሲያልቅም ሪቴይነር የሚባለውን ማቆያ እንደታዘዘላችሁ አድርጉ፤ የተዘጋ ፍንጭት ተመልሶ መከፈት ይወዳል።